ሀብሩ በየትኛው ሀ?

መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፦ ኃላፊው ስብሰባ ቢሄድ ሥራው ይቀጥላል፣ እንዲያውም ይፈጥናል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የዓመት ዕረፍት ከወጣች ግን ቢሮው ይቆማል። ደብዳቤው የት እንደገባ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «ያ ባለፈው ከዞን የመጣው፣ የመስኖው ነገር» ይሏታል፤ የገቢ ቁጥር ሳትጠይቅ፣ ቀን ሳትጠይቅ፣ ከመደርደሪያው አቧራውን እፍ ብላ ታወጣዋለች። ኮምፒዩተር ውስጥ ይህን ወንበር የያዘው ፋይል ማኔጀር ይባላል። ፎልደሮች ተደርድረው የሚታዩበት፣ ኮፒ የሚደረግበት፣ የሚሰረዝበትና የሚፈለግበት መስኮት ነው። በስሙ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ደንበኛው ሁሉ «ኮምፒዩተሩ በላብኝ» እያለ የሚከሰው ግን እሱን ነው።

አዲስ አበባ ሆኖ ይህን የሚያነብ «ፋይል ድሮ ቀረ፤ አሁን ሁሉም ቴሌግራም ላይ ነው» ይል ይሆናል። ይበል። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ከሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ከመርሳ እስከ ዞኑ ዋና ከተማ ወልዲያ ያለው ኔትወርክ ሚኒባስ ነበር። የሀብሩ ወረዳ ሪፖርት ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፤ ፍላሹ ፖስታ ውስጥ ይገባል፤ ፖስታው በረዳቱ የደረት ኪስ ሆኖ፣ ስሪንቃን አልፎ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልዲያ መናኸሪያ ይወርዳል። ፍጥነቱ በሰከንድ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ የለካ የለም። ረዳቱ ምሳ ካልበላ ግን ደህና ነበር። እንዲህ ባለ አገር ፋይል ማኔጀር ጌጥ አይደለም፤ የመንገዱ መነሻም መድረሻም እሱ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የሞባይል ካርድ፤ ክረምት ላይ ጃንጥላም ይሸጣል። ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የጫነው ለነጻ ሶፍትዌር ፍልስፍና ብሎ አይደለም፤ በሾርትከት ቫይረስ ተማርሮ ነው። ቫይረሱን የማያውቅ የለም። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይሰውርና በየስማቸው የሐሰት ምልክት ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ያንን ሲነካ ቫይረሱ ወደሚቀጥለው ኮምፒዩተር ይሻገራል። ሊኑክስ ግን የሐሰቱን ምልክት አያስነሣውም፤ ዊንዶውስ ‹የተሰወረ› ብሎ ያተመበትንም ከቁብ አይቆጥረውም። ስለዚህ ጠፉ የተባሉት ፎልደሮች ሁሉ ቁጭ ብለው ይታያሉ። ልጁ በዚህ ብቻ «ፋይል የሚመልሰው ልጅ» የሚል ስም አወጣ። ደግሞም ሊኑክስ በነጻ ይገኛል፣ ዕድሜ በጠገበ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ሲያቆም፣ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ለማይችል ኮምፒዩተር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ ልጁ ሊኑክስን ይወደዋል፤ ፋይል ማኔጀሩን ግን ይታገሠዋል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት እንዳለ ያገባ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 (የሶፍትዌሩን ታሪክ በነሱው አቆጣጠር ልንገር) ኢዝል የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ከሠሩት ሰዎች የነበረው አንዲ ኸርትዝፌልድ ነው። ዓላማቸው ሊኑክስን ተራው ሰው እንዲጠቀምበት ማድረግ ሲሆን ለዚህ ናውቲለስ የሚባል ፋይል ማኔጀር ሠሩ። ናውቲለስ 1.0 በመጋቢት 2001 ወጣ፤ ኩባንያው በግንቦት 2001 ተዘጋ። ናውቲለስ ግን የሊኑክስን የፊት ገጽ በሚሠራው በጂኖም ቤት አደገ፤ ዛሬም ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ የጫነ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ያሳዳጊዎቹን ጠባይ ግን ወረሰ፤ በየጥቂት ዓመቱ «ቀላል እናድርገው» የሚል ይነሣና አንድ ነገር ይቀነሳል።

በ2004 እያንዳንዱ ፎልደር በየራሱ መስኮት ይከፈት ተባለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ አንድ ፎልደር አንድ ዕቃ ነው፣ ባስቀመጥከው ቦታ ታገኘዋለህ። ይሁንና ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች የእኛን ፎልደር አላዩትም። ሰሜን ወሎ ውስጥ ሀብሩ፣ ሀብሩ ውስጥ 2016፣ 2016 ውስጥ 3ኛ ሩብ ዓመት፣ እዚያ ውስጥ መስኖ፣ መስኖ ውስጥ ‹አዲስ ፎልደር›፤ አዲሱ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ምንም የለም። ባዶው ጋ ለመድረስ ስድስት መስኮት ይከፈታል። በ2010 ጂኖም ይህን ትቶ ወደ አንድ መስኮት ተመለሰ።

በዚያው ዓመት መስኮቱን ለሁለት የሚከፍል አሠራር ተጨመረ፤ በግራ ፍላሹ፣ በቀኝ ኮምፒዩተሩ። ለጽሕፈት ቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተፈለሰፈም። በ2012 ጂኖም አነሣው! የሊኑክስ ሚንት ሰዎች ተናደዱና የድሮውን ወስደው ኔሞ የሚባል የራሳቸውን ፋይል ማኔጀር ቀጠሉ። የጂኖም ተፎካካሪ ኬዲኢ ዘንድ ያለው ዶልፊን የሚባል ፋይል ማኔጀር ደግሞ እስከ ዛሬ ኤፍ 3 ሲጫኑት ለሁለት ይከፈላል። በሊኑክስ ዓለም ጠብ እንዲህ ነው የሚፈታው፤ ሽማግሌ አይላክም፣ ጎጆ ይወጣል። መዘዙ ግን ለደንበኛው ይተርፋል፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ሁሉም መዝገብ ቤት የየራሱ ጠባይ አለው። በአንዱ ሁለት ጊዜ ሲነኩት የሚከፈተው ፋይል በሌላው አንዴ ሲነኩት ይከፈት ነበር። ኬዲኢ ይህን የአንዴ ንክኪ ልማዱን የተወው በ2024 ነው። እስከዚያ ድረስ ሁለቴ መታ መታ ማድረግ የለመደ እጅ ሁሉ አንዱን ፎቶ ሁለት ጊዜ ሲከፍት ኖሯል።

የጉርድ ፎቶው ታሪክ ግን ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ማመልከቻ ላይ ፎቶ ለመለጠፍ ‹ፋይል ምረጥ› የምትለው ትንሽ ሳጥን ትከፈታለች። በጂኖም ቤት ይህች ሳጥን ለብዙ ዘመን የምታሳየው የፎቶውን መልክ ሳይሆን የስሙን ዝርዝር ነበር። ካሜራ ደግሞ ለፎቶ የክርስትና ስም አያወጣም፤ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ያ ሁሉ ቁጥር ተደርድሮ፣ የትኛው ቁጥር የማን ፊት እንደሆነ የሚለየው የፈጠራቸው ብቻ ነው። «ፎቶዎቹ በትንንሹ ተደርድረው ይታዩን» የሚለው አቤቱታ የቀረበው በ2004 ሲሆን መልስ የተሰጠው በመጋቢት 2023፣ ጂኖም 44 ሲወጣ ነው። አቤቱታው በገባበት ዓመት የተወለደ ሕፃን መልስ ሲመጣ የቀበሌ መታወቂያ አውጥቶ፣ ለመታወቂያው ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ ነበር። የኛ ቢሮዎች በቀጠሮ ይታማሉ፤ ሐሜቱ ለብቻቸው መሆኑ ግን ግፍ ነው።

ወደ ፍላሹ ልመለስ። ሊኑክስ ፍላሽ ላይ ሲጽፍ ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ኮምፒዩተሩ ራም ይወስደውና ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ፍላሹ ያወርደዋል። ለፍጥነት የታሰበ ነው፤ አያስነቅፍም። የሚያስነቅፈው ያቺ እየሞላች የምትሄደው መስመር ናት። ብዙ ጊዜ የምትለካው ራም የደረሰውን ነው፤ ስለዚህ ፍላሹ ገና ሩብ ሳይጽፍ እሷ ሞልታ ትጠፋለች።

«አባባ፣ ቆይ! አልወረደም እኮ ገና!»

«ምን አልወረደም? ሞላ ሲል በዓይኔ አይቼ!»

«የሞላው ሌላ ነው፣ አባባ።»

«መኪናው እየተንቀሳቀሰ ነው ልጄ፣ ሌላውን በሌላ ቀን ትነግረኛለህ።»

ፍላሹ ይነቀላል። መርሳ ሲደርስ ፋይሉ በስሙ አለ፤ መጠኑ ግን ዜሮ ነው። በዚህ ክርክር ልጁም እውነቱን ነው፣ አባባም እውነታቸውን ነው። የዋሸችው መስመሯ ናት። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደብዳቤውን ከጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ «ወጪ ሆኗል» ብትል የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች።

ሁለተኛው የፍላሽ ጣጣ ስረዛ ነው። ዊንዶውስ ከፍላሽ ላይ ሲሰርዝ ሰረዘ ነው። ሊኑክስ ግን ሩኅሩኅ ስለሆነ ምናልባት ትጸጸቱ እንደሆነ ብሎ፣ እዚያው ፍላሽ ላይ ስሙ በነጥብ የሚጀምር የተሰወረ ፎልደር ይከፍትና የተሰረዘውን ሁሉ እዚያ ያከማቻል። የልጃቸውን ሠርግ ቪዲዮ ለመገልበጥ ከመርሳ የመጡ አንድ ሸህ ፍላሹን አስከፍተው፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጠው፣ ቦታ የለም ተባሉ።

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም፣ ሸህ።»

«ምንም ከሌለበት ምን ሞላው?»

ለዚህ ጥያቄ ቀና መልስ ያለው ፋይል ማኔጀር አላየሁም። ፍላሹ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ደግሞ የተሰወረው ይገለጥና ‹ነጥብ ትራሽ 1000› የሚል ፎልደር ፊት ለፊት ይቆማል። 1000 የመጀመሪያው ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ነው። ይህን ማን ያውቃል? «ሺህ ብር ክፈል ማለቱ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለ፤ በሞባይል የሚመጣውን የማጭበርበሪያ መልእክት ላነበበ ሰው ስሕተት አይባልም። በሥርዓቱ ‹አስወጣ› የሚለውን ለሚጫን ሰው «ቆሻሻውን ልጣልልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ፋይል ማኔጀር እርግጥ አለ። ነገር ግን ሚኒባስ እየጠራው ያንን የሚጫን ማን ነው?

እስካሁን የተናገርኩት የዓለም ሁሉ ችግር ነው፤ ወልዲያም በርሊንም ፍላሽ ያው ፍላሽ ነው። አሁን የሚመጣው ግን የራሳችን ነው።

ሊኑክስ ላይ በብዛት የሚሠራበት የፋይል አደራደር ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል። እንግሊዝኛ ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይከፍላል፤ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይከፍላል። ስለዚህ እንግሊዙ 255 ፊደል ሲፈቀድለት ለኛ 85 ይደርሰናል። 85 ፊደል ለሰው ስም ከነአያቱ ይተርፋል፤ ለመንግሥት ሪፖርት ግን መግቢያም አይሆን። «የሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ የ2016 በጀት ዓመት የ3ኛው ሩብ ዓመት የመስኖ ልማት ሥራዎች የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ከዞን አስተያየት በኋላ የተስተካከለ የመጨረሻ የመጨረሻው» የሚል ፋይል ዊንዶውስ ላይ ተጽፎ፣ በፍላሽ ተጉዞ፣ መናኸሪያው ኮምፒዩተር ላይ ሊገለበጥ ሲል «ስሙ ረዝሟል» ይባላል። ዊንዶውስ የሚቆጥረው በባይት ስላልሆነ እዚያ ችግር አልነበረም። እውነት ለመናገር በዚህ ነገር ልቤ ከሊኑክስ ጋር ነው። ሪፖርት አቅራቢዎቻችንን «አሳጥሩ» ብሎ ደፍሮ የተናገረ እሱ ብቻ ነው። ቢሆንም ጸሐፊውን እንዴት እንደሚያሳጥር ሊያሳየው፣ «ይህን ያህል ፊደል ትርፍ አለህ» ሊለው ሲገባ፣ ስሕተት ብሎ በሩን ይዘጋበታል።

ቀኑስ? ፋይሉ ስሙ ላይ 2016 ይላል፤ የቀኑ ዓምድ 2024 ይላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተጻፈው 9 ሰዓት፣ ከቀኑ ስምንት ተኩል የተጻፈው 14 ከ30 ሆኖ ይመዘገባል። ሐምሌ 1 የበጀት ዓመት እንደሚጀምር፣ ጳጉሜን የምትባል አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለች ፋይል ማኔጀሩ አልሰማም። ቀኑ የጠፋበት ፋይል ደግሞ አንዳንዴ ወደ ዩኒክስ የዘመን መጀመሪያ ይመለሳል፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962። የሩብ ዓመቱ የመስኖ ሪፖርት በጃንሆይ ዘመን ተጽፎ ተገኘ ማለት ነው። ኦዲተር ቢመጣ ማን ይጠየቃል?

«እንዴት ተደርጎ ያውቀዋል፣ የፈረንጅ ዕቃ» የሚል ይኖራል። ያውቅ ነበር! ኬዲኢ በ4ኛው ትውልዱ ቀን የሚያሳይባቸውን አቆጣጠሮች ሲዘረዝር የኢትዮጵያው ከነስሙ ይገኝበት ነበር። አንድ ሰው ተቀምጦ የኛን ዘመን አስልቶ አስገብቶታል ማለት ነው። 5ኛው ትውልድ አዲስ መሠረት ላይ ሲታነጽ ይህ አብሮ አልተሻገረም። እኛም አልጮህን። መኖሩን ያላወቁት ነገር ሲቀር ማን ልቅሶ ይቀመጣል?

ከሁሉ የባሰው ፍለጋው ነው። ሀብሩ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፈው? በሃሌታው ሀ የሚጽፍ አለ፣ በሐመሩ ሐ የሚጽፍ አለ፤ የወረዳውን ስም በሁለቱም መንገድ ማንበብ ብርቅ አይደለም። ሰው ሲያነበው አንድ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ለየብቻቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ መሰጠቱም ተገቢ ነበር። ለፋይል ማኔጀሩ ስድስት የማይተዋወቁ ሰዎች ሆነው ቀሩ እንጂ። ‹ዓመት› ደግሞ በአራት መንገድ ይጻፋል። ስለዚህ ‹የሀብሩ ዓመት› የሚል ፋይል የደበቀ ሰው እስከ 24 መደበቂያ አለው፤ ወልዲያን አንዱ ‹ወልድያ› ብሎ ከጨመረበት 48 ይሆናል። ፈላጊው አንዷን ይጽፋል፣ ኮምፒዩተሩ «ምንም አልተገኘም» ይላል፤ ፋይሉ ግን እዚያው ዓይኑ ሥር ተቀምጧል። ፈረንሳዩ በፊደሉ ላይ የምትቀመጠውን ምልክት ረስቶ ቢጽፍ እንኳ አስታውሶ የሚያገኝለት ፈላጊ ብዙ ነው። የኛን የሚያስታውስ ግን አላየሁም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ‹ቀላል› ማለት ቁልፍ መቀነስ የመሰላቸው ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ መደርደሪያውን ሲያሳምሩ፣ ቀለም ሲቀይሩ፣ ጠርዙን ሲያድበለብሉ ኖሩ። የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ግን መደርደሪያዋ አልነበረም የምንወድላት። የሰዉን አነጋገር ታውቃለች፣ ዘመኑን ታውቃለች፣ ያልወጣውን ወጣ አትልም። ፋይል ማኔጀር በእነዚህ በሦስቱ ይመዘን። መመዘኛው ቦታ ደግሞ የሠሪዎቹ ጠረጴዛ አይሁን፤ ሚኒባስ የሚጠራበት መናኸሪያ ይሁን።

ሊኑክስ ደግሞ ለአቤቱታ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ገብቶ ማስተካከል ይቻላል። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ በፍለጋ ጊዜ ብቻ አቻ የሚያደርግ ሠንጠረዥ ወደ አርባ የሚጠጋ መስመር ቢፈጅ ነው። ፊደሎቹ ይኑሩ፣ አይነኩ፤ ሲፈለጉ ብቻ ይተዋወቁ። ወልዲያም ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ደሴም አለ። በየዓመቱ በየዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ተመራቂዎች ለመመረቂያ የሆቴል ማስተዳደሪያ ሲስተም ይሠራሉ፤ በተሠራው ሲስተም ልክ ቢሆን አገሩ ሁሉ ሆቴል በሆነ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ሆቴሉን ትተው ሀን ከሐ ቢያስታርቁ፣ ለቀኑ ዓምድ ጳጉሜንን ቢመልሱላት፣ ሥራቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጣም፤ ኡቡንቱ የጫነ ሁሉ ይጠቀምበታል።

እስከዚያ ድረስ የመናኸሪያው ልጅ የራሱን ሕግ አውጥቷል። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ከሚለው ሥር አዲስ ማስታወቂያ ለጥፏል፦ «1ኛ. ፍላሽ የሚነቅለው ባለቤቱ ሳይሆን የቤቱ ሠራተኛ ነው። 2ኛ. የፋይል ስም ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ ‹የመጨረሻው› የሚለው ቃል ከአንድ ጊዜ በላይ አይጻፍም። 3ኛ. በዚህ ቤት ሀብሩ በሃሌታው ሀ ብቻ ይጻፋል።»

ሦስተኛውን ያነበቡ አንድ መሪጌታ ዱላቸውን ከመሬት አነሡ።

«ማን ነው ፊደል የሚሽረው? ለመሆኑ ስንት ክፍል ተምረሃል?»

«አልሻርኩም፣ መሪጌታ። በኋላ ሲፈልጉት እንዳይጠፋብዎ ብዬ ነው። ካልሆነ በሁሉም ልጻፈው፤ አንዱን በሃሌታው፣ አንዱን በሐመሩ፣ አንዱን በብዙኃኑ። ሦስት ፋይል ይሆናል።»

«እሱ ነው ሥርዓቱ! በሦስቱም ጻፈው።»

«እሺ። ሂሳቡም የሦስት ነው።»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡ። ሊቃውንት ስንት ዘመን ጉባኤ ተቀምጠው ያልተስማሙበት የፊደል ጉዳይ ያን ዕለት ወልዲያ መናኸሪያ ላይ እልባት አገኘ።

«በሃሌታው አድርገው» አሉ።